ከፔካ 12 ማዶ የዘራነው ማሽላ

አራት ነበርን። የጣቢያው ኃላፊ ከሚዛኑ አጠገብ፣ የመረቡ ጥላ በሚደርስበት በኩል፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ቆሟል። ተመራማሪዋ ፀሐይ ላይ ነበረች፤ በሁለት ረድፍ ከተደረደሩት የማሽላ ጆንያዎች መካከል፣ እጆቿን ወደኋላ አድርጋ። ጠባቂው በሩ ዘንድ አንድ እግሩን ከአጥሩ ውስጥ፣ አንዱን ከአጥሩ ውጭ አድርጎ ነበር፤ ሁልጊዜም የሚቆመው እንደዚያ ነው። እኔ ከውሃ በርሜሎቹ ጀርባ ነበርኩ። እዚያ ቁሚ ያለኝ ሰው የለም።

መንገዱ ላይ ወደ ኢትዮጵያ የሚወጡት የጭነት መኪኖች እንደ ወትሯቸው ያልፋሉ፤ አቧራቸው አጥሩን ተሻግሮ ጆንያዎቹ ላይ ይወርዳል። ምርቱ ተመዝኖ አልቋል። የቀረው አንድ ነገር መናገር ብቻ ነበር፤ መናገር የነበረብኝም እኔ ነበርኩ። ያን ያህል ቀን ያቆየሁትን ነገር ለመረዳት ግን ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል።

የምርምር ጣቢያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ካለው ፔካ 12 ሰፈር ትንሽ አለፍ ብሎ የሽቦ አጥር፣ ሁለት የብሎኬት ክፍል፣ የጥላ መረብ፣ ውሃው ጨው ጨው የሚል አንድ ጉድጓድ፣ ስድስት በርሜል። የሚጠጣና ለችግኝ የሚሆን ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በቦቴ ይመጣል። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ለጽዳት ነው። ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በባቡር ጅቡቲ ከገባሁ በኋላ ዕድሜዬን ሄሮን በሚባለው የፈረንጆች ሰፈር በሰው ቤት ነው የጨረስኩት። የመጨረሻዎቹ ፈረንሳዮች ዕቃቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ጎረቤታቸው የነበረው ኃላፊ፣ «ማማ፣ ጣቢያ መጥተሽ ጥረጊልን» አለኝ። ዕድሜዬ የማረፊያ ነበር፤ የማርፍበት ግን አልነበረኝም። አርሂባ ሰፈር ከምከራየው ክፍል በሁለት ሚኒባስ እየሄድኩ መጥረግ ጀመርኩ።

ተመራማሪዋ የመጣችው ከእኔ በኋላ ነው። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት፤ እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆኑ አማርኛዋ ጥሩ ነው። ሥራዋ ማሽላ ማዳቀል ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መረቡ ሥር ተንበርክካ በወረንጦ ስትታገል አየኋት። ማሽላ ራሱን በራሱ ነው የሚያራባው፤ ወንዴውም ሴቴውም አንድ አበባ ውስጥ አለ። ከሌላ ጋር ላዳቅለው ያለ ሰው አበባው ሳይከፈት ቀድሞ ከእያንዳንዷ ትንሽ አበባ ሦስት ሦስት ክር መሰል ወንዴዎችን መልቀም አለበት። አንዷ ከቀረች ድካሙ ከንቱ ነው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ልሞክረው?» አልኩ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ያያል?»

«ዓይኔ አያይም። እጄ ያያል።»

ሄሮን ሳለሁ የምሠራበት ቤት እመቤት የአያቷን ዳንቴል የምታስጠግነው እኔን ነበር። ወረንጦውን ተቀበልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጥረጉም አልቀረልኝ፣ ማዳቀሉም ተጨመረልኝ። ከሰዓት በኋላ ወንዴውን እለቅማለሁ፣ የማሽላውን ራስ በወረቀት ከረጢት አለብሳለሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ከሌላው ማሽላ የተሰበሰበውን የአበባ ብናኝ አራግፍበታለሁ፣ መልሼ አለብሰዋለሁ፣ ቀንና ቁጥር እጽፍበታለሁ። ጉልበቴ ሲብስብኝ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጬ እሠራ ነበር።

እናትየው ከሐረር ደጋ የመጣች ማሽላ ናት፤ ራሷ ትልቅ፣ ፍሬዋ ነጭ፣ ነገር ግን እስክትደርስ ስምንት ወር ትፈልጋለች። አባትየው ከቆላ የመጣ አጭር ነው፤ ፍሬው እዚህ ግባ የማይባል፣ ግን ውሃው ሳያልቅ ይደርሳል። የሚፈለገው የእናቱን ፍሬ በአባቱ ፍጥነት የሚሰጥ ልጅ ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ከሁለቱም የከፋውን ይዘው ወጡ። ጠባቂው ይህን ሲሰማ፣ «እንደ እኔ ልጆች» አለ። ጠባቂው አፋር ነው፤ በልጅነቱ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሸክም ሠርቷል፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነው የሚከራከረው።

አራት ጊዜ ዘራን፣ አራት ጊዜ መረጥን። ስንመርጥ ውሃውን ቆርጠን እንተወዋለን። መጀመሪያ ለእኔ ከባድ ነበር። አንድ ነገር እየጠወለገ ውሃ ይዞ አልፎ መሄድ የለመድኩት ነገር አይደለም። «ካልተጠሙ አናውቃቸውም» ትለኛለች ልጅቷ፣ ተመራማሪዋ። በአራተኛው ጊዜ ቁጥር አሥራ አራት ያልነው ጎረቤቶቹ ሁሉ ገለባ ሲሆኑ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጎ ፍሬውን ሞላ። ልጅቷ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

ከማሽላው ሌላ ደግሞ የእሷ ብቻ የሆኑ ጠርሙሶች ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደረቁ ሸለቆዎች እየሄደች፣ ዝናብ ሳያገኙ ከሚኖሩት ሳሮች ሥር አፈር እየቆፈረች ስታመጣ ነበር። ከዚያ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት አወጣች፤ እያረባች በጠርሙስ አድርጋ ፍሪጅ ውስጥ ታኖራቸው ነበር። ሥሩ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ አለችኝ፤ ተክሉ ትንሽ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ሥሩ ረዝሞ እንዲፈልግ ያግዙታል። በባልዲ በተከለችው ማሽላ ላይ ስትሞክረው ሠርቶላት ነበር። ባልዲዎቹን እኔው ነበርኩ የማነሳቸው፤ ነፍሳቱ ያሉበት ሥር ባልዲውን ሞልቶ ከሥር ባለው ቀዳዳ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ ሜዳ ላይ መታየት ነበረበት። ሜዳ ላይ ከሠራ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልሠራ ጠርሙሶቹ ይጣላሉ። ኃላፊው ይህን ፊት ለፊት ነው የነገራት፤ እኔ መስኮት እየወለወልኩ ሰምቻለሁ።

ከመዝራታችን በፊት በነበረው ቀን ቦቴው ውሃ አመጣ። በርሜሎቹን ስከድን የመጀመሪያው ውስጥ የትንኝ ትል ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለት ክዳን በረኪና ጨመርኩበት፤ እዚህ አገር ጃቬል ይሉታል። ይህን ለማድረግ ማሰብ እንኳ አያስፈልገኝም። ሄሮን የሠራሁበት ቤት ሁሉ፣ አርሂባ ያለው ጎረቤቴ ሁሉ፣ ውሃ በበርሜል የሚያስቀምጥ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። የበሽታ ወሬ ባለበት ዓመት ደግሞ ክዳኑ ይጨምራል።

ጠባቂው አይቶኝ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቢፈቅዱልሽ ባሕሩንም በጃቬል ታጥቢዋለሽ።»

«ባሕሩ ትል የለበትም» አልኩት።

በማግስቱ ልጅቷ ማልዳ መጣች። ዘሩ ከነፍሳቱ ጋር በሙጫና በውሃ ተለውሶ ፀሐይ ሳይበረታ መሬት መግባት አለበት። ለመለወሻ የምትይዘውን የታሸገ ውሃ ቤቷ ረስታው መጥታለች። ተመልሳ ብትሄድ ፀሐይ ይቀድማታል። መኪናውን አየች፣ ሰማዩን አየች።

«እማማ፣ እስኪ ከበርሜሉ ይቅዱልኝ» አለች።

ከመጀመሪያው በርሜል ቀዳሁላት። ስለ ጃቬሉ አልነገርኳትም፤ የሚነገር ነገር መሆኑ አልመጣልኝም። ሽታው ለእኔ ከጠፋኝ ቆይቷል። እሷም ጠርሙሱ ሲከፈት የሚወጣው የረጋ አፈር ሽታ ስለሚበልጥ አልሸተታትም። ሳህኑን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ለወሰች። ቁጥር አሥራ አራትን በሁለት ከፍለን ዘራን፤ የተለወሰው በሰማያዊ ችካል፣ ያልተለወሰው በነጭ። ቀጥ ባሉ መስመሮች፣ አንዱን ሰማያዊ አንዱን ነጭ እያፈራረቅን።

በቀለ። ሰኞ ሰኞ ቁመቱን በሜትር እለካለሁ፣ ቅጠሉን እቆጥራለሁ። ልጅቷ ደብተሩን ታይና፣ «ገና ነው፤ ውሃው ሲቆረጥ ነው የሚለዩት» ትላለች። ውሃው ተቆረጠ። አልተለዩም።

አንድ ረቡዕ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሊጎበኙ መጡ። ልጅቷ በፈረንሳይኛ ስታስረዳቸው እኔ መረቡ ሥር ዘር አበጥር ነበር። አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ፣ ሕያው ከሆኑ ምን ይገድላቸዋል ብላ ጠየቀች።

«ብዙ ነገር» አለች ልጅቷ። «ፀሐይ። ሙቀት። ጃቬል ደግሞ ጠብታ ይበቃል፤ ስለዚህ ቤታችሁ ስትሞክሩ የበርሜል ውሃ እንዳትጠቀሙ።»

ይህን ያለችው እጇን ሰማያዊው ችካል ላይ አሳርፋ ነው። ራሷ የተናገረችውን ከዘራንበት ጠዋት ጋር አላገናኘችውም። በእሷ ሐሳብ የጣቢያው በርሜል ቦቴው ያመጣው ውሃ ብቻ ነው፤ ከላዩ ማን ምን እንደሚጨምርበት ጠይቃ አታውቅም። እኔ ወንፊቱን አስቀመጥኩት። ከዚያ መልሼ አነሳሁት፤ ተማሪዎቹ እያዩኝ ነበር።

የዚያን ቀን ሳልነግራት ሄድኩ። በማግስቱም። ስንፍና ነው ማለት አልችልም፤ ፍርሃትም ብቻ አይደለም። በዚህ ዕድሜ አንድ ነገር ለመጀመር የሚያስፈልገው ጉልበት ብዙ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሚኒባስ ተሳፍሬ እስክደርስ ያለኝ ያልቃል። ደግሞ ምናልባት ጥቂቶቹ ተርፈው ይሆናል እያልኩ ሰማያዊዎቹን ከነጮቹ እያስበለጥኩ ለማየት ሞከርኩ። ስቆጥር ግን ያው ነበሩ። ውሸት መጻፍ አልሆነልኝም፤ ያየሁትን ጻፍኩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በርሜሎቹ ውስጥ ጃቬል አልጨመርኩም። መጀመሪያ ያስተዋለው ጠባቂው ነው።

«ጃቬሉን ምን ነካው? ትሉ ከእኔ ጋር ሊጠጣ ነው» አለኝ።

ነገርኩት። ለማንም ሳልናገር ቆይቼ ለእሱ ነገርኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ስለሚያላግጥ። አላላገጠም። ጫቱን አስቀመጠ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም፣ ከእናንተው ነው የተማርኩት።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ወጣት ናት፤ ሌላ ነገር ታጠናለች። አንቺን ካባረሩሽ ማን ይቀጥርሻል? እኔ? እኔ የምቀጥርሽ ፍየል ለመጠበቅ ነው፤ ፍየሎቹን ደግሞ ታጥቢያቸዋለሽ።»

«እንደ ቆሻሻቸው ነው» አልኩት። ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

አንድ ጊዜ ልነግራት ሄጄ ነበር። መኪናዋ ውስጥ በሩን ከፍታ ዳቦ ትበላ ነበር። ውሃው ከተቆረጠ ሦስተኛው ሳምንት የተለካበት ቀን ነው፤ ደብተሩ ጭኗ ላይ ተከፍቷል። ቆሜ ሳያት ቀና አለች።

«እማማ፣ ዛሬ ምንም አይንገሩኝ» አለች። «ቧንቧው ፈንድቶም ከሆነ ነገ ይፈንዳ።»

«ቧንቧው ደህና ነው» አልኩ፤ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኛል ማለት ይቻላል። በኋላ ሳስበው ግን፣ እሷ ያለችው የደከመ ሰው የሚለውን ነው፤ የተደሰትኩት ሰበብ ስላገኘሁ ነው።

ማሽላው ደረሰ። ሦስት ቀን አጨድን፤ እኔ ራስ ራሱን እየቆረጥኩ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ነጩን ከነጭ ጋር አስቀመጥኩ። ወቃነው፣ አበጠርነው። ምርቱ የተመዘነው እንግዲህ ያን ጠዋት ነው፤ አራታችን የቆምንበት ጠዋት።

ኃላፊው ደብተሩን ከብብቱ አውጥቶ አነበበ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። ማዳቀሉ ፍሬ አፍርቷል፣ ቁጥር አሥራ አራት በአነስተኛ ውሃ ይህን ያህል መስጠቱ የሚጻፍ ነው አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰማያዊውና ነጩ ግን አንድ ናቸው። ባልዲ ሌላ፣ ሜዳ ሌላ። ይኼ ያንቺ ጥፋት አይደለም። የእንስሳት ክትባት ክፍሎች ፍሪጁን ሲጠይቁኝ ከርመዋል፤ ጠርሙሶቹን ዛሬ እናስወግዳቸውና ነገ እንስጣቸው።»

ልጅቷ ጆንያዎቹን ታይ ነበር። «እሺ» አለች።

ትንሽ ብትከራከር ዝም እል ነበር ብዬ አስባለሁ። ወደ ክፍሉ ሄደች፣ ፍሪጁ ሲከፈት ተሰማ፣ የጠርሙሶቹን ሣጥን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ባለፈው ጊዜ የተረፉትን ያፈሰሰችበት የቆሻሻ ጉድጓድ ከበርሜሎቹ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ወደ እኔ ነበር የምትመጣው።

«አታፍስሺያቸው» አልኳት። ከዚያ ኃላፊውም እንዲሰማ በፈረንሳይኛ ተናገርኩ። «የዘራን ቀን የለወስሽበት ውሃ ጃቬል ነበረበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሣጥኑን መሬት ላይ አላስቀመጠችም።

«መቼ ጨመሩ?»

«ከመዝራታችን በፊት በነበረው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ።»

«ስንት?»

«ሁለት ክዳን።»

«በየትኛው በርሜል?»

«በዚህ። የቀዳሁልሽ ከዚህ ነው።»

በርሜሉን አየችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ክዳኑን በበርሜሉ እያካፈለች መሆኗን አወቅሁ። አስልታ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ሞተዋል» አለች። «ገና ሳህኑ ላይ እያሉ ሞተዋል። ነጭን ከነጭ ጋር ነው ስናወዳድር የከረምነው።»

ኃላፊው ከጥላው ወጥቶ መጣ። «ማማ፣ ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ተማሪዎቹ ከመጡበት ቀን ጀምሮ።»

«ያኔ ብትነግሪን ቀዝቃዛው ወራት ሳያልፍ መልሰን እንዘራ ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

ጠባቂው ከበሩ ሆኖ፣ በርሜሉን ያልከደነ ጠባቂ እኔ ነኝ፣ ትሉ የገባው በእኔ ነው የሚል ነገር ጀመረ። ኃላፊው በሶማልኛ ዝም አሰኘው። በርሜሉን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ ጠባቂው እንደሚዋሽልኝ ሁላችንም አውቀናል።

ኃላፊው ደብተሩን ከፍቶ የጻፈውን በረጅም መስመር ሰረዘው። ሲጽፍ ጮክ እያለ ነበር፤ የሜዳው ሙከራ በውሃው ምክንያት አይቆጠርም፣ በሚመጣው ቀዝቃዛ ወራት ይደገማል፣ ጠርሙሶቹ ባሉበት ይቆያሉ። ለክትባት ክፍሎች ሌላ ፍሪጅ ፈልጉ እላቸዋለሁ አለ። ልጅቷ ሣጥኑን ይዛ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ፍሪጁ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ።

ስትወጣ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«እማማ፣ ያለ እርስዎ እጅ ቁጥር አሥራ አራት የለም» አለች። «ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ስዘራ እኔ ያላየሁትን ነገር የሚነግረኝ ሰው ነው አጠገቤ የምፈልገው። ይህንንም ልደብቅዎት አልፈልግም።»

«ልክ ነሽ» አልኩ።

«ማን ያዳቅልልኛል እንግዲህ?»

መልስ የምትጠብቅ አልመሰለኝም። ቢሆንም ወረንጦውን እንዴት እንደምይዘው በእጄ አሳየኋት፤ በሁለት ጣት ሳይሆን በሦስት፣ ክንድን ጉልበት ላይ አስደግፎ። እጇን ዘርግታ ሞከረችው። ያን ጊዜም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ያነሰ።

ሻሼን አስተካክዬ አሰርኩ። ለኃላፊው ከነገ ጀምሮ እንደማልመጣ ነግሬ እጅ ነሳሁ፣ ጠባቂው መንገዱን ለቀቀልኝ፣ ወጣሁ።